አንዴ የሚነሳ፣ አንዴ የማይነሳ ሚኒባስ፦ ምርመራው ከየት ይጀምራል?

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉ ሲዞር "ጠቅ" ብሎ ዝም የሚል፣ በሦስተኛው ሙከራ ግን ምንም እንዳልነበረበት ሁሉ የሚነሳ ሚኒባስ ጭራሽ ከቆመ ሚኒባስ ይልቅ ባለንብረቱን ያስጨንቃል። ጭራሽ የቆመው ተጎትቶ ጋራዥ ይገባል፤ ባለሙያውም ብልሽቱን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ይሠራዋል። አልፎ አልፎ የሚያስቸግረው ግን ጋራዥ ደጃፍ ሲደርስ ጤነኛ ይሆናል፤ አሥር ጊዜ ቢሞከር አሥሩንም ይነሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ባለንብረቶች ያውቁታል። በግምት ባትሪ ይቀየራል፤ ለአንድ ሳምንት ደህና ይመስልና ችግሩ ይመለሳል። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ወርዶ ሌላ ይገጠማል፤ ችግሩ አሁንም ይመለሳል። በመጨረሻ መኪናው "አይታመንም" የሚል ስም ይወጣለትና በየማታው ቁልቁለት ላይ እየቆመ፣ በየጠዋቱ በግፊ እየተነሳ ይኖራል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሙሉ ዕቃ ከመግዛት እጅግ ባነሰ ወጪ የሚስተካከል መሆኑ ነው። የሞተ ዕቃ ሁልጊዜም የሞተ ነው፤ ዛሬ ሞቶ ነገ አይድንም። አንዴ እየሠራ አንዴ እምቢ የሚል ነገር በአብዛኛው የሚገኘው ሁለት ነገሮች በሚነካኩበት ቦታ ላይ ነው፤ ገመድ ከባትሪ፣ መዳብ ከመዳብ፣ ካርቦን ከሚሽከረከር አካል፣ የናፍጣ ጎማ ከቧንቧ። ስለዚህ ፍለጋው ያለበት በዕቃዎቹ መካከል ባሉት መጋጠሚያዎች ላይ ነው፤ ፍለጋውም የሚሳካው ችግሩ በተከሰተባት ደቂቃ ሲለካ እንጂ ከተወ በኋላ አይደለም።

እዚህ ላይ በምሳሌነት የምይዘው በየመንገዳችን የምናየውን የናፍጣ ቶዮታ ሃይኤስ ነው፤ በተለይም በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣውንና ሰዉ ዶልፊን የሚለውን። በላዩ ላይ የሚገኙት 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል የተባሉት ሞተሮች (የመጨረሻው 2,986 ሲሲ ነው) ኮምፒውተር የማያስፈልገው መካኒካዊ የናፍጣ ፖምፓ አላቸው። ይህ ለመርማሪው ትልቅ ጥቅም ነው፤ አንድ ቴስተር (መልቲሜትር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ አንድ ትንሽ አምፖልና ትዕግሥት ያለው ሰው አብዛኛውን ነገር ራሱ ሊያጣራ ይችላል። አሠራሩ ተመሳሳይ ስለሆነ ሌላ ዓይነት አሮጌ ቫን ያለውም ሰው ብዙውን ይጠቀምበታል።

መጀመሪያ ጆሮ

ሹፌሮች "አልነሳም አለኝ" ሲሉ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ይጠራሉ። አንደኛው ሞተሩ ጭራሽ አለመዞሩ ነው፤ ይህ የባትሪ፣ የገመድ፣ የሞተሪኖ ወይም የቁልፍ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ሞተሩ በደንብ እየዞረ አለመቀጣጠሉ ነው፤ ይህ የናፍጣ፣ የአየር ወይም የሙቀት ጉዳይ ነው። ይህ ልዩነት ሳይጠራ የሚደረግ ጥገና በሙሉ ግምት ነው። አንድ ባለሙያ ቀዳሚ ጥያቄው "ሲዞር ይሰማል ወይስ አይሰማም?" ካልሆነ፣ ደንበኛው ሳይጠየቅም ቢሆን ቢነግረው ጥሩ ነው።

አይዞርም ከተባለም ዝምታው አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ጠንካራ "ጠቅ" ብቻ ተሰምቶ ሁሉም ነገር ከቆመ ትዕዛዙ ሞተሪኖው ድረስ ደርሷል፣ ጉልበቱ ግን አልደረሰም ማለት ነው። "ጠ-ጠ-ጠ-ጠ" የሚል ፈጣን ተከታታይ ድምፅ ደግሞ የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ገመድ ምልክት ነው፤ ሞተሪኖው ለመሳብ ሲሞክር ቮልቱ ይወድቃል፣ ሲለቅ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ምንም ድምፅ ከሌለ ትዕዛዙ ራሱ አልደረሰም። "ዥዥ" ብሎ ባዶውን የሚሽከረከር ድምፅ ከተሰማ ግን ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፤ የሞተሪኖው ጥርስ የቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ትልቅ ክብ ብረት) ጥርስ አልያዘም፣ ወይም የቮላኖው ጥርስ በአንድ ቦታ ተበልቷል። ይህ የመጨረሻው ራሱ "አንዴ አዎ አንዴ የለም" የሚያሰኝ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ የተበላው ጥርስ ሞተሪኖው ፊት ላይ ከቆመ አይነሳም፣ ሌላ ጥርስ ከቆመ ይነሳል።

ቀጥሎ ያለው ሙከራ መሣሪያ አይጠይቅም። የፊት መብራቱን አብርቶ ከግድግዳ ፊት ለፊት ቆሞ ቁልፉን ማዞር ነው። መብራቱ ክፉኛ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም በባትሪው አጠገብ ያለ መጋጠሚያ ላልቷል። መብራቱ ሳይደበዝዝ "ጠቅ" ብቻ ከተሰማ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ወይም የሞተሪኖው የውስጥ መዳብ ይጠረጠራል፤ የሚፈስ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሌለ ነው መብራቱ ያልተነካው። መብራቱ ሳይደበዝዝ ምንም ድምፅ ከሌለ ወደ ቁልፉና ወደ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ይኬዳል።

መብራት እያበራ ሞተሪኖ ለምን አይዞርም?

"ባትሪውስ ደህና ነው፤ መብራቱም ራዲዮኑም ይሠራል" የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያሳስታል። የፊት መብራት አንዱ አምፖል 55 ወይም 60 ዋት ቢሆን የሚወስደው 5 አምፔር አካባቢ ነው። የናፍጣ ሚኒባስ ሞተሪኖ ግን 2 ኪሎዋት ገደማ ጉልበት የሚሰጥ ስለሆነ ሲዞር በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። አሁን በመንገዱ ላይ አንዲት ትንሽ መሰናክል፣ ለምሳሌ የአንድ ኦም መቶኛ የሚሆን ዝገት አለ እንበል። በ5 አምፔር ላይ ይህ ዝገት የሚበላው 0.05 ቮልት ብቻ ነውና ማንም አያስተውለውም። በ200 አምፔር ላይ ግን 2 ቮልት ይበላል፤ 12 ቮልት ይደርሰኛል ብሎ የሚጠብቀው ሞተሪኖ ከዚያም በታች የሆነ ቮልት ከደረሰው በዝግታ ያቃስታል ወይም ይቆማል። ያው አንድ ዝገት ለመብራቱ ምንም፣ ለሞተሪኖው ሁሉም ነገር ነው።

የመልቲሜትሩ ተራ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው መኪናው ቆሞ ሳለ ባትሪውን ለክቶ 12.6 ቮልት ካየ በኋላ "ደህና ነው" ብሎ ይዘጋል። ይህ ንባብ ባትሪው መሙላቱን ብቻ ይነግራል፤ 12.4 ቢል ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ቢል ግማሽ ያህል ነው፤ ወደ 12.0 ከወረደ ጉልበት የለውም። መሸከም መቻሉን ግን አይነግርም። መሸከሙ የሚታወቀው ሞተሪኖው እየዞረ ሲለካ ነው፤ በመጠነኛ ሙቀት ላይ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወድቅ ባትሪ ወይ መሙላት ወይ መቀየር አለበት።

ባትሪው ይህን ካለፈ መጋጠሚያዎቹ አንድ በአንድ ይፈተናሉ። ይህን ፈተና ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ባለሙያና ገማች የሚለያዩበት ነውና። የቴስተሩ ቀይ ጫፍ በባትሪው የእርሳስ ምሰሶ አናት ላይ ይደረጋል፤ ምሰሶውን የሚያቅፈው ሞርሴቶ ላይ ሳይሆን ምሰሶው ራሱ ላይ። ጥቁሩ ጫፍ ሞርሴቶው ላይ ይደረጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የጣት ጥፍር አያክልም፤ ዓይን አንድ አካል አድርጎ ነው የሚያያቸው። ረዳቱ ቁልፉን ሲያዞር ቴስተሩ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የቀረበ ማሳየት አለበት። ግማሽ ቮልት ወይም አንድ ቮልት ካሳየ ግን ያ የጥፍር ርቀት ጉልበቱን እየበላ ነው። ሞርሴቶው ሲፈታ ብዙ ጊዜ ውጭው ንጹሕ፣ ውስጡ ግን በጥቁር ስስ ሽፋን የተለበጠ ሆኖ ይገኛል። በአሸዋ ወረቀት ምሰሶውንና የሞርሴቶውን ውስጥ አንጽቶ፣ አጥብቆ፣ ከላይ ቫዝሊን ቀብቶ መመለስ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

በዚሁ መንገድ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ትልቅ ብሎን ያለው መንገድ በሙሉ ሲለካ የሚጠፋው ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም። በኔጌቲቩ በኩል፣ ከባትሪው ምሰሶ እስከ ሞተሩ ብረት፣ ከ0.2 ቮልት በላይ ከጠፋ ማሳው (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የብረትና የገመድ መንገድ) ይጠረጠራል። ማሳ በእኛ አገር ጋራዦች ከሚገባው በታች ትኩረት የተሰጠው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ላይ ስለሆነ ከመኪናው አካል ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘው አንድ ወይም ሁለት የተጠለፈ ገመድ ነው። ያ ገመድ አንድ ቀን ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ሲወርድ ተፈትቶ፣ ሲመለስ ዳዶው በእጅ ብቻ ጠብቆ፣ ወይም ሥሩ ቀለም ተቀብቶ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣና በጋዝ ኬብል (ከነዳጅ ፔዳሉ በሚመጣው ገመድ) ወይም በሌላ ቀጭን ብረት በኩል ለመመለስ ይሞክራል። ሞተር ለማስነሳት ሲሞከር የጋዝ ኬብሉ ከሞቀ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለቱ መዳቦች

ገመዶቹ በሙሉ ደህና ሆነው "ጠቅ" ብቻ የሚል ሞተሪኖ በዕድሜ በገፉ የናፍጣ መኪኖች ላይ እጅግ የተለመደ ነው፤ መንስኤውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍል ላይ ነው። በሞተሪኖው ጀርባ ያለው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚስብ ማግኔት) ቁልፉ ሲዞር ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ጥርሱን ወደ ቮላኖው ይገፋል፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ አንድ የመዳብ ሳህን ስቦ ከሁለት ወፋፍራም የመዳብ ቁራጮች ጋር ያጋጥመዋል። ከባትሪ የመጣው ጉልበት ወደ ሞተሪኖው የሚያልፈው በዚህ ድልድይ ነው። ሳህኑ በተገናኘና በተላቀቀ ቁጥር ብልጭታ ይፈጠራል፤ ብልጭታውም በየጊዜው ትንሽ መዳብ ይልጣል። በቀን 20 ወይም 30 ጊዜ ለሚጠፋና ለሚነሳ ታክሲ ዓመታት ውስጥ ይህ ምን እንደሚያደርስ መገመት አይከብድም።

መዳቦቹ እኩል አያልቁም። አንደኛው ከሌላው ፈጥኖ ይሳሳና ሳህኑ በአንድ በኩል ብቻ የሚነካ ይሆናል። "ጠቅ" የሚለው ድምፅ የሳህኑ መሳብ ነው፤ ድምፁ አለ፣ ድልድዩ ግን ሙሉ አይደለም። ሳህኑ በየመሳቡ በዘንጉ ላይ ትንሽ ሊዞር ስለሚችል በሚቀጥለው ሙከራ ያልተበላው ጎኑ ይገጥምና መኪናው ይነሳል። ለዚህ ነው ሹፌሩ ስድስቴ ሰባቴ "ጠቅ ጠቅ" ካደረገ በኋላ የሚሳካለት።

አንድ ዘመዴ በሚያሽከረክረው አሮጌ ሚኒባስ ላይ ይህን በቅርብ አይቻለሁ። በአራት ወር ውስጥ አንድ አዲስ ባትሪና አንድ ያገለገለ ሞተሪኖ ተገጥሞለት ችግሩ አልለቀቀም። ምክንያቱን ያወቅነው ሁለቱንም ሞተሪኖዎች ጎን ለጎን አስቀምጠን የሶሌኖይዶቹን ክዳን ስንከፍት ነው፤ የወረደው ሞተሪኖ አንዱ መዳብ በመሃሉ ገብቶ እንደ ምላጭ ሳስቷል፤ በምትኩ የተገዛውም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ልክ ተበልቶ ነበር። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ብልሽቱም አብሮ ሊገዛ እንደሚችል ያን ቀን ገባኝ። ሁለቱ መዳቦችና ሳህኑ ለብቻቸው ይሸጣሉ፤ ሲቀየሩ መዳቦቹ ከሳህኑ ጋር እኩል ጊዜ መግጠማቸውን ማረጋገጥ እንጂ ሌላ ከባድ ጥበብ የለበትም።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ምልክት አለ። ብዙ ሹፌር ሞተሪኖውን በብረት ቀስ አድርጎ ሲመታው እንደሚነሳ ያውቃል። መምታቱ ጥገና አይደለም፤ መረጃ ግን ነው። ሲመታ የሚነሳ ከሆነ በሞተሪኖው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ካርቦኖች አጥረው ከሚሽከረከረው አካል ጋር መነካካት አቅቷቸዋል፣ ወይም መዳቦቹ እንዳልነው ተበልተዋል። በሁለቱም በኩል ሞተሪኖው ሙሉ በሙሉ የሚያቆምበት ቀን ሩቅ አይደለምና መንገድ ላይ ከመቅረት በፊት ማውረዱ ይሻላል።

ሰላይ አምፖል

ድምፅ በሌለበት ዝምታ ላይ ጥያቄው "ትዕዛዙ የት ቀረ?" ነው። ትዕዛዙ ከባትሪ ተነስቶ በፊውዝ፣ በቁልፉ ጀርባ ባለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ አንዳንዴም በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) አልፎ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ከሆነም ማርሹ "ፒ" ወይም "ኤን" ላይ መሆኑን በሚያጣራ ማብሪያ በኩል፣ ወደ ሶሌኖይዱ ቀጭን ሽቦ ይደርሳል። በብዙ መኪኖች ላይ በዚህ መስመር መካከል ሌላ እንግዳ አለ፤ ኋላ ላይ የተገጠመ አላርም ወይም ለሌባ ተብሎ የተደበቀ ማጥፊያ። እነዚህ ሲገጠሙ ዋናው ሽቦ ተቆርጦ፣ ተጠምዞ በፕላስተር ይጠቀለላል፤ ከዓመታት በኋላ ፕላስተሩ ይለቃል፣ ጥምዝማዙ ይዝጋል። መኪናው ሲነሳ የሚያስቸግረው አላርም ከተገጠመለት ወዲህ ከሆነ ከዚያ መጀመር ነው፤ እኔ ራሴ ከዳሽቦርዱ ሥር እጄን አስገብቼ ፕላስተር የተጠቀለለበት ሽቦ ሲገጥመኝ ፍለጋው ያለቀ ያህል ነው የምቆጥረው።

ሆኖም ችግሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ከሆነ በቴስተር ማን ይጠብቀዋል? መፍትሔው መኪናው ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። ከሶሌኖይዱ ቀጭን ሽቦ ላይ አንድ ቅጥያ ተወስዶ፣ ትንሽ ፊውዝ ተደርጎበት፣ ሹፌሩ ከሚያይበት ቦታ ላይ ከትንሽ አምፖል ጋር ይያያዛል፤ የአምፖሉ ሌላ ጫፍ ማሳ ላይ ይታሰራል። ሞተር በሚነሳ ቁጥር አምፖሉ ለቅጽበት ይበራል። ከዚያ በኋላ ሥራው የሹፌሩ ነው፤ ሳይነሳ በቀረባት ጊዜ አምፖሉ በርቶ ነበር ወይስ አልበራም? ቦግ ብሎ በርቶ ሞተሪኖው ካልዞረ ቁልፉና ሪሌው ንጹሐን ናቸው፤ ጥፋቱ ከዚያ ወዲህ፣ በወፍራሙ ገመድ ወይም በሞተሪኖው ውስጥ ነው። ካልበራ ጥፋቱ ከዚያ በፊት፣ ከባትሪ ተነስቶ በፊውዙ፣ በቁልፉና በሪሌው በሚያልፈው መስመር ላይ ነው። ደብዝዞ ከበራ ወይ ባትሪው ራሱ ወድቋል፣ ወይ ደግሞ የቁልፉ ማብሪያ የውስጥ መነካኪያ ተቃጥሎ ቮልት ይበላል፤ በዚህ ጊዜ ማብሪያውን መቀየር፣ ወይም ሶሌኖይዱ ጉልበቱን በአዲስ ሪሌ በኩል በቀጥታ ከባትሪ እንዲያገኝ ማድረግ ዘላቂ መፍትሔ ነው። ይህች አምፖል የምታስወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ፍለጋውን ግን በአንድ ጊዜ ለሁለት ትከፍለዋለች። በበኩሌ ለእንዲህ ዓይነቱ ብልሽት ከእሷ የሚበልጥ መሣሪያ አላየሁም።

ጠዋት ደህና ሆኖ ቀትር ላይ ረጅም መንገድ ሄዶ ሲቆም የማይነሳ መኪናም አለ። መዳብ በሞቀ ቁጥር ተቃውሞው ይጨምራል፤ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 20 በመቶ ገደማ። በጋለ ሞተር አጠገብ የተቀመጠ ሶሌኖይድ የሚስብበት ጉልበት ይቀንሳል፤ የደከመ ቁልፍ ወይም የደከመ ገመድ ካለ ያ ቅነሳ ከመስመር ያወጣዋል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲበርድ መነሳቱ የዚህ ምልክት ነው።

ይዞራል፣ ግን አይቀጣጠልም

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንምጣ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የለውም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው አየሩ 22 እጥፍ ገደማ ሲታመቅ በሚፈጥረው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተሩ የሚያምቀው አየር ከመነሻው ስስ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ አዳማ ወይም አዋሽ ያደረ መኪና ጠዋት በአንድ ሙከራ ተነስቶ፣ በማግስቱ ደብረ ብርሃን ወይም እንጦጦ ሥር ሲያድር እምቢ ቢል አያስገርምም፤ ብልሽቱ ሁለቱም ቦታ አለ፣ የደጋው ብርድ ግን ያጋልጠዋል።

በብርድ የሚያግዙት ማሞቂያ ካንዴላዎች ናቸው፤ በአራት ሲሊንደር ሞተር ላይ አራት። አንዱ ቢቃጠል ሞተሩ እየተንቀጠቀጠና ነጭ ጭስ እየተፋ ይነሳል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሲቃጠሉ በብርድ ጠዋት አይነሳም፣ ቀን ግን ይነሳል። ሹፌሩ ይህን "አልፎ አልፎ" ይለዋል፤ በጥሞና ሲጠየቅ ግን ሁልጊዜ ጠዋት ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ የሚያገናኛቸው ብረት ተፈትቶ እያንዳንዱ በኦም ይለካል። ጤነኛው ጥቂት ኦም ወይም ከዚያም ያነሰ ያሳያል፤ የተቃጠለው ምንም አያሳይም። በቀጥታ ከባትሪ አገናኝቶ መሞከር ግን አደጋ አለው፤ በአንዳንድ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ከ12 ቮልት ላነሰ ቮልት የተሠሩ አሉና በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላሉ። ሲገዛም በላዩ የተጻፈውን ቮልት አይቶ መግዛት ያሻል።

የዚህ ክፍል ሌላው ተጠርጣሪ አየር ነው። ናፍጣው ከሰርባቶዮ (ከነዳጅ ማጠራቀሚያው) እስከ ፖምፓው የሚመጣው በመሳብ ስለሆነ፣ የተሰነጠቀ ጎማ ወይም ያረጀ የፊልትሮ (የናፍጣ ማጣሪያ) ጎሚኒ ናፍጣ አያንጠባጥብም ይሆናል፤ አየር ግን ያስገባል። ሞተሩ ሲሠራ ይህ አይታወቅም። ሌሊት ሲቆም ግን ናፍጣው ቀስ እያለ ወደ ሰርባቶዮ ይመለሳል፤ መኪናው አፍንጫው ወደ ላይ ሆኖ ዳገት ላይ ካደረ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ "ሰፈር ሳድር አይነሳም፣ ዘመድ ቤት ሳድር ይነሳል" የሚል ሹፌር የሚናገረው ስለ ሁለት የመሬት አቀማመጦች ሊሆን ይችላል። በፊልትሮው አናት ያለው የእጅ ፖምፓ ጠንከር እስኪል ድረስ ተጨምቆ ሲነሳ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ወደ ፖምፓው በሚገባው በኩል ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ቢገጠም አረፋው ራሱ በዓይን ይታያል። በፖምፓው ላይ ያለችው ናፍጣ የምትዘጋና የምትከፍት ትንሽ ሶሌኖይድም ልትረሳ አይገባም፤ ቁልፉ ሲከፈት በላይዋ ጆሮ ቢጣል "ጢቅ" ትላለች። ካላለች ሽቦዋ ላልቷል ወይም እሷ ራሷ አብቅታለች፤ ሞተሩ እስከ ማታ ቢዞር አይቀጣጠልም።

ሁለቱ ዓይነቶች የሚገናኙበትም ቦታ አለ። በዝግታ የሚዞር ሞተር አየሩን በዝግታ ስለሚያምቅ ሙቀቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ያመልጣል። ስለዚህ የደከመ ማሳ የናፍጣ ችግር መስሎ ይታያል። ናፍጣው ከመነካቱ በፊት የመዞሪያው ፍጥነት መረጋገጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ባትሪው ተበዳይ ሲሆን

ባትሪ ሁልጊዜ ጥፋተኛ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌላው የሚበድለው እሱ ነው። ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካልተነበበ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ወይም ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ይታይ። መኪናው ሁለት ቀን ቆሞ ሲውል ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ተዘግቶ ሳለ የሚበላው ነገር አለ። የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈትቶ ቴስተሩ በመሃል ሲገባ ከ50 ሚሊአምፔር ብዙ ከበለጠ፣ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ንባቡ የሚወርድበትን መስመር መለየት ነው። ቴስተሩ በመሃል እያለ ሞተር ለማስነሳት መሞከር ግን ቴስተሩን ያቃጥለዋል።

ስለ ጥንቃቄ ሳልናገር ባልፍ ጥፋት ይሆንብኛል። ሞተሪኖን በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት በየጋራዡ ይታያል፤ ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና በዚህ መንገድ ሲነሳ ከፊቱ ወይም ከሥሩ ያለውን ሰው ይገጫል። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን፣ የእጅ ፍሬኑ መያዙንና ጎማው ሥር ድንጋይ መኖሩን ሳያዩ ከሥር አይገባም። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር አየር መሳቢያ ላይ ኤተር ወይም ቤንዚን መርጨት ፒስቶን ሊሰብር፣ ፊትንም ሊያቃጥል ይችላል። ከሌላ መኪና ጉልበት ሲበደሩ ጥቁሩ ገመድ በመጨረሻ የሚታሰረው በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ ነው፤ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳልና። በቁልቁለት ማስነሳትም ቢሆን፣ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ የፍሬኑ አጋዥ ጉልበት ስለሌለ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ ሰው ተጭኖበት፣ ሰው በሚሻገርበት መንገድ ላይ ፈጽሞ አይሞከርም።

ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ይዞ ቢሄድ ደግሞ እመኛለሁ፤ አንድ ገጽ ወረቀት። ሳይነሳ የቀረበት እያንዳንዱ ጊዜ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሞተሩ ሞቆ ይሁን ቀዝቅዞ፣ የት እንዳደረና ወደየት አቅጣጫ ዘምበል ብሎ እንደቆመ፣ ምን ድምፅ እንደተሰማ፣ አምፖሏ በርታ እንደሆነ፣ በስንተኛው ሙከራ እንደተነሳ። አምስት ስድስት መስመር ከሞላ አንድ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን መኪናውን ሳይነካ ግማሹን መንገድ ይሄዳል። ጥገናው ካለቀ በኋላም ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው፣ በፖዘቲቩ መንገድና በማሳው ላይ የተነበቡት ሦስት ቁጥሮች ከነቀናቸው በፕላስተር ላይ ይጻፉና ሞተሩ ባለበት ከፊት ወንበሩ ሥር ይለጠፉ። በሚቀጥለው ክረምት መኪናው አንድ ቀን ሲያመነታ፣ ወንበሩን አንስቶ ዛሬ የተለካውን ከዚያ ቀን ጋር የሚያስተያይ ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።